ከመጨረሻው ስፌት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን

ለልጆቼ እናት፣ ለእሜቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እዚያ ወንድ ልጃችን ቤት የልጅ ልጃችንን ይዘሽ ጎንበስ ቀና ስትይ እንዳይጎዳሽ ሰግቻለሁ። አውቅሻለሁ፣ "ተይ አርፈሽ ተቀመጪ" ሲሉሽ የምትሰሚ ሰው አይደለሽም። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንኳ ማንጠባጠቡን አቁሟል። ማን እንደሠራው አልነግርሽም፤ ሰውዬው ጉራ አይወድም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን እኔ ወሬ ስጀምር ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሕፃኑ ዝም ሲል ደግሞ ልጅሽ ከጎን ሆኖ "አባዬ፣ አሳጥረው" ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ፌርማታ ዘልዬ አላውቅም። ስለዚህ ጎረቤታችን ነርሷ ወደ እናንተ ስትመጣ ይዛልሽ ትምጣ ብዬ ጻፍኩት። ሻይሽን ያዢና ቁጭ በይ።

ወሬው ስለ ትንሿ ልጃችን ነው። ባለፈው በስልክ ድምፅዋን ሰምተሽ "ይቺ ልጅ አልቅሳለች" ብለሽ አላስቀምጥ አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፣ አልቅሳለች። ቢሮ ውስጥ "ፈርሚ" ብለዋት እምቢ ብላ ነው ብዬ ስነግርሽ ደግሞ፣ "ትፈርምና ሥራዋን ትያዝ በላት፤ ግትርነት ማንን ጠቀመ?" አልሽኝ። መልእክትሽን ተቀበልኩ እንጂ አላደረስኩም። አትቆጪ፣ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

መጀመሪያ ሥራዋን ላስረዳሽ፤ አንቺም እንደኔ "ኮምፒውተር ላይ ነች" ከማለት ሌላ የምታውቂው የለም። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እሷ ደግሞ የጻፉትን ትፈትናለች። ብዙ ትንንሽ ፈተናዎች አዘጋጅታ ተራ በተራ ታስኬዳቸዋለች፤ ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ይወጣል። አሁን የያዙት ሥራ ለሆስፒታል ነው። ነርስ የበሽተኛውን ክብደትና የመድኃኒቱን ስም ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ስንት እንደሚሰጠው አስልቶ መርፌው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ያትማል።

ፕሮግራሙ ግን ያለው ሕፃናት ክፍል ይሁን አዋቂዎች ክፍል በራሱ አያውቅም። የሚነግረው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ አንድ ቃል ነው። እነሱ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይሉታል። ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ሳያት ጊዜ፣ "አባዬ፣ እንደ አውቶቡስህ ታፔላ ነው" አለችኝ። "ሞተሩ ያው ነው፣ ሹፌሩም ያው ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው ፊት ለፊቱ ላይ በተሰቀለው ጽሑፍ ነው።" ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ይሉሻል ይኼ ነው። ግን ገባኝ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ታፔላውን ያነባል፤ አንዳንዴም ራሱ ይሰቅላል። የትንሿ ሥራ በትክክል ማንበቡንና በትክክል መስቀሉን መፈተን ነው።

አንዲት ነገር ልጨምርልሽ፣ ያለሷ ቀሪው አይገባሽም። ዋናው ፕሮግራም ወረቀቱን ራሱ አያትምም፤ ለማተም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳል። አስነሺውን ወላጅ፣ የሚነሳውን ልጅ ይሏቸዋል። ልጁ በሚነሳባት ቅጽበት ወላጁ የያዘውን ታፔላ ግልባጭ ተቀብሎ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ወላጁ የራሱን ቢቀይር ልጁ አያይም፤ ልጁም ቢቀይር ወላጁ አይሰማም። "እንደኛው ቤት ነዋ" አልኳት። ሳቀች።

ፈተናው ሁሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ነበር። ሆስፒታሉ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ተቆርጧል፤ የቀረው የሷ ፊርማ ብቻ ነው። የሷም የሙከራ ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ ቋሚ ትሁን፣ ትሰናበት የሚለው ደግሞ አለቃዋ ነው። እንግዲህ ፈታኟም ፈተና ላይ ነበረች ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስትሠራ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ፈተናዎቹን እንደገና ልታስኬዳቸው ስትል አየሁና "ምነው፣ ሁሉም አልፎ የለም እንዴ?" አልኳት።

"ከመፈረሜ በፊት አንዴ ከኋላ ወደ ፊት አስኬዳቸዋለሁ፣ አባዬ። ልማድ ነው።"

የማን ልማድ እንደሆነ ልንገርሽ? ያንቺ ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆማ እያጣደፈችሽ እንኳ የጨረስሽውን ቀሚስ ትገለብጪና ከመጨረሻው ስፌት ጀምረሽ ወደ መጀመሪያው ትመለሻለሽ። "ዓይን የሚደክመው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጉዱም የሚደበቀው እዚያው ነው" ትይ ነበር። እሷ ደግሞ ከስፌት መኪናሽ ሥር ተቀምጣ ቁልፎችሽን እየበተነች ትሰማ ነበር። እኔ ቁልፍ የምትጫወት ነበር የመሰለኝ።

ከኋላ ወደ ፊት ሲሄድ አንዱ ፈተና ቀይ ሆነ። ደገመችው፣ ቀይ። ወደ ቀድሞው ቅደም ተከተል መለሰችው፣ አረንጓዴ። ሻይዋ እዚያው ቀዘቀዘ። ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ "አገኘሁት" አለች። አገኘሁት ያለችው ደስ ብሏት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ፈተና "ሕፃናት" የሚል ታፔላ ይሰቅላል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ታፔላውን ሳያወርድ ይወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ደግሞ ወላጁ ለልጁ ታፔላ ማስያዙን የሚያይ ነው። ልጁ "ሕፃናት" የሚል ይዞ ሲያገኘው "ጎሽ" ብሎ ያሳልፈዋል። ለካ ልጁ የያዘው ወላጁ የሰጠውን ሳይሆን ካለፈው ፈተና የተረፈውን ነው። ወላጁማ ተሳስቶ መጀመሪያ ልጁን ያስነሳል፤ ታፔላውን የሚሰቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ባዶ እጁን ነው የሚነሳው። ታፔላ ሲያጣ ደግሞ ቆሞ አይጠይቅም፣ "አዋቂዎች" ብሎ ይገምትና ያትማል። የአዋቂ መድኃኒት ለሕፃን መሆኑ ነው።

እኛም ዘንድ ይኼ ነገር ነበር። የጠዋቱ ሹፌር ታፔላውን ሳያወርድ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ የከሰዓቱ ቀና ብሎ ሳያይ ይነሳል። መንገዱ አንድ ዓይነት የሆነ ቀን ማንም አይነቃበትም። መንገዱ የተለየ ቀን ግን ገበያ ልሂድ ያለች ሴት ራሷን መቃብር በር ላይ ታገኘዋለች።

ታፔላውን ሳያወርድ የወጣው ፈተና የማን ነው ትያለሽ? የራሷ። በእጇ የጻፈችው። ያስለቀሳትም እሱ ነው።

በማግስቱ ቢሮ ሄዳ ለአለቃዋ ነገረችው። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀን የቆረጠ ሰው ነው። "ለሳምንታት አረንጓዴ ነው ብለሽ ስትልኪልኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አላት። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ አለ፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ትልቅ ማዳመጫ ስለሚያደርግ ስሙን ባለማዳመጫው ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ "እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሆስፒታል ውስጥ ማን ነው ከኋላ ወደ ፊት የሚያስኬደው? ችግሩ ፈተናሽ ላይ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አስተካክይና ፈርሚ" አላት። አለቃዋም "ነገ የሆስፒታሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ አስቢበት" ብሎ ሰደዳት። አንቺ የደወልሽው ያን ዕለት ነው።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ "አባዬ፣ ልፈርም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልእክትሽ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ግን፣ ደንበኛ "እንዲሁ ስጪኝ፣ ማንም አያየውም" ሲልሽ የምታሳዪው ፊት ነው። ያ ፊት ከመጣ በኋላ መናገር ትርፉ ድካም እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሾርባ አሙቄ አቀረብኩላት፣ አብረን በላን።

በማግስቱ ወጥታ ከሄደች በኋላ የኮምፒውተሯ ቻርጀር ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተረስቶ አየሁት። አንቺ ብትኖሪ በር ላይ ቆመሽ "ቻርጀር? ቁልፍ? ስልክ?" ትያት ነበር። ያን ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፤ አንቺ ተኩሰሽ ከሰቀልሻቸው ሸሚዞች የቀረውን አንዱን አደረግሁ፤ ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ። ቢሮዋ ድረስ ገብቼ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይታያል። ስብሰባ ክፍሉን ከፍቼ ስገባ የሆስፒታሉ ሰዎች ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ከኮቱ የተነሣ ትልቅ ኃላፊ መስያቸው ነው። እኔም ክብር አልገፋም ብዬ ጨበጥኳቸው።

"አባቴ ነው፤ ቻርጀር አምጥቶልኝ ነው" አለች ትንሿ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

ሁሉም ሳቁ። አለቃዋም "ይቀመጡ አባቴ፣ ሻይ ይምጣልዎት" አለኝ። ልወጣ ነበር፤ ግን ሰው ሻይ ከጋበዘሽ በኋላ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ጥግ ላይ ከማተሚያው አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አለቃዋ ሊጀምር ሲል ትንሿ ብድግ አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመጀመራችን በፊት በኛ ኮምፒውተር ሳይሆን፣ ለሆስፒታሉ በተገዛው ማንም ባልነካው ኮምፒውተር ላይ ብናየው" አለች።

አለቃዋ ፊቱ ጠቆረ። "እሱ ኋላ ይደርሳል" አለ። ከሆስፒታሉ የመጡት ፋርማሲስት ግን፣ በኛ ዕድሜ ያሉ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው፣ "እኛም በራሳችን ብናየው ይሻላል" አሉ። ካርቶኑ ተከፈተ፣ ፕሮግራሙ ተጫነ። ክፍሉ "ሕፃናት" ተብሎ በማስጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ተጻፈ፤ ወላጁ ታፔላውን የሚሰቅለው ከዚያ አንብቦ ነው። ቃሉን ባለማዳመጫው ራሱ ነው የጻፈው፤ ማንም "አበላሽታዋለች" እንዳይል።

ፋርማሲስቷ ቁልፎቹ ላይ እጃቸውን አድርገው "እስቲ የአንድ ሕፃን ክብደት ንገሩኝ" አሉ።

ማንም ሳይናገር እኔ ከጥጌ "አራት ኪሎ ከግማሽ" አልኳቸው። ሁሉም ዞሩ። "የልጅ ልጄ ነው። ትናንት በስልክ የነገሩኝ ነው።"

ፈገግ አሉና አስገቡት። ማተሚያው አጠገቤ ጮኸ፤ ወረቀቷ ወጣች። አንሥቼ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወደ አለቃዋ ሳይሆን ወደ እኔ አዩ።

"ይኼ የአዋቂ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

እሜቴ፣ ሻዩ እጄ ላይ ነበር፤ ማስቀመጫ አጣሁለት። ወረቀት ብቻ ነው፣ መድኃኒት የለም፣ ሕፃኑም እዚያ ማዶ አንቺ ጭን ላይ ተኝቷል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሌላው እጄ ልደውልልሽ ስልኬን ፍለጋ ኪሴ ገባ።

ባለማዳመጫው ማዳመጫውን ከአንገቱ ላይ አወለቀ። "እኔ ጋ እኮ ይሠራ ነበር" አለ።

"አንተ ኮምፒውተር ላይ ቃሉን ድሮ አስቀምጠኸው ረስተኸዋል" አለችው ትንሿ። "እኔም ፈተናዬ ውስጥ አስቀምጬው ረሳሁት። ሁለታችንም ያለፍነው በተረፈ ነው።" ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። "አረንጓዴ ነው እያልኩ የላክሁት ሪፖርት ትክክል አልነበረም። ቃሉን ሳያነሣ የወጣው ፈተና የኔ ነው። ተስተካክሎ ከኋላም ከፊትም እስኪያልፍ ድረስ አልፈርምም።"

ስለ ሌላው ጥፋት እየተናገረች የራሷን ልትውጠው ትችል ነበር፤ ማንም አይነቃባትም። ልጃችን ግን ቆማ ተናገረችው። ብዙ ተሳፋሪ ጭኜ ብዙ ዳገት ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደረቴ የተነፋበት ጊዜ ግን የለም። ኮቱ ጠበበኝ ብልሽ አላጋነንኩም።

ፋርማሲስቷ ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና "ከኋላ ጀምሪ ብሎ ያስተማረሽ ማን ነው?" ብለው ጠየቋት። ትምህርት ቤት ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ።

"እናቴ" አለች። "ልብስ ሰፊ ናት።"

አለቃዋም "ቀኑ ይገፋል" አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሻዩን ስለጋበዘኝ ተውኩት። ባለማዳመጫውም ጎበዝ ልጅ ነው፤ በዚያው ሳምንት አስተካከለው። አሁን ወላጁ ታፔላውን ሰቅሎ ነው ልጁን የሚያስነሳው። ልጁም ታፔላ ካጣ አይገምትም፤ "የት እንዳለሁ አልተነገረኝም" ብሎ ይቆማል። ይኼ ፕሮግራም ከብዙ ሰው ይሻላል።

ዓርብ ዕለት ቋሚ የሆነችበት ወረቀት ተሰጣት፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ክዳን ደፍቼበት አስቀምጬዋለሁ፣ ዘይት እንዳይነካው። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ከእንግዲህ ማንም ፈተናውን ከኋላ ወደ ፊት ሳያስኬድ እንዳይፈርም አለቃዋ አዟል። ቢሮው ውስጥ ይህን ሥራ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? "ልብስ ሰፊዋ"። "በልብስ ሰፊዋ አሳልፈኸዋል?" ይባባላሉ አሉ። አንድም ቀን አይተውሽ የማያውቁ ልጆች ጠዋት ማታ ሲያነሱሽ ይውላሉ።

እንግዲህ መልእክትሽን ያላደረስኩት ለዚህ ነው። በአፍሽ "ትፈርም" አልሽ፤ እጅሽ ግን ገና ልጅ ሳለች ሌላ ነግሯት ነበር። ሁለት እናት እንዳያዟት ፈርቼ የእጅሽን መረጥኩ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሹፌሩ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ሲይዘው እየታዘብኩ፣ አዲሱን ደንብ ነገረችኝ። ማንኛውም ፈተና ሲጨርስ የሰቀለውን አውርዶ፣ ቦታውን እንዳገኘው አድርጎ መውጣት አለበት። ከዚያ ጎኔን ነካ አደረገችና "አንተስ፣ አባዬ?" አለችኝ።

"እኔ ምን?"

"እማዬ ስትሄድ 'ብቻዬን እችላለሁ' ብለህ ነበር። ያ ሸሚዝ ማን የተኮሰው ነው?"

ቤት ገብቼ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የመድኃኒቴን ሰዓት የሚያስታውሰኝ ስልኬ ላይ አንቺ ሞልተሽው የሄድሽው ደወል ነው። ጨውና ስኳር የማይምታቱብኝ ጣሳዎቹ ላይ ስለጻፍሽ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮት የምከፍተው፣ ብርድ ቢሆንም ባይሆንም፣ አንቺ ትከፍቺው ስለነበር ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ አረንጓዴ ነው። ለአንቺም ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። ከምን የተነሣ ደህና እንደሆንኩ ግን አሁን ገብቶኛል።

ሸሚዝ መተኮስ ጀምሬያለሁ። አንገትጌው ትንሽ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ኮት ይሸፍነዋል። አንቺ አትቸኩዪ። ሕፃኑ አንገቱ ይጥና፣ ምራታችንም በደንብ ታገግም። ልጅሽንም "አባትህ ኮራብህ" በዪው፤ ለእህቱ ብቻ ነው እንዳይል።

ትናንት ትንሿ ቤቱን ስታጸዳ ነጠላ ጫማሽን ከበሩ አጠገብ አንሥታ "አባዬ፣ ይህን ቁም ሣጥን ውስጥ ላስገባው?" አለችኝ። ደንቡን አውቃለሁ፤ የተረፈ ሁሉ ይነሣል። "ያን እዚያው ተዪው" አልኳት። አቧራውን ጠርጋ ቦታው ላይ መለሰችው፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙራ፣ አሁን የገባ ሰው እንዳወለቀው አድርጋ።

ፈጣሪ የያዝሽውን ሕፃን ያሳድግልን፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የወጣሽበትን መንገድ የምትመለሺበት ያድርግልሽ።

ፌርማታው ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ፣

ሹፌርሽ